መርፌው መሃል ስለቆመ ብቻ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አውሮፕላን ሲያርፍ አደጋ በደረሰ ወይም ለጥቂት በተረፈ ቁጥር በጋዜጦች የምናነበው ምክንያት ከሁለት አንዱ ነው፦ «የአብራሪው ስህተት» ወይም «የአውሮፕላኑ ብልሽት»። ሦስተኛም አለ። አውሮፕላኑ ደህና ሆኖ፣ አብራሪውም በሥርዓቱ እየሠራ፣ መሬት ላይ የተተከለው የማሳረፊያ ሬድዮ የሐሰት ምልክት የሚልክበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን ቀይ መብራት ላይበራ፣ ደወል ላይጮኽ ይችላል፤ አብራሪው መስመሩን የሚያይበት የመሣሪያው መርፌ መሃል ላይ ረጋ ብሎ ይቆማል። ሥራችን የእነዚህ መሣሪያዎች ጥገናና ፍተሻ ስለሆነ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጠር በቁጥር አስደግፈን ብናስረዳ ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

በጭጋግ ወይም በሌሊት አውሮፕላንን ወደ መንደርደሪያው የሚመራው ሥርዓት አይኤልኤስ ይባላል። ሁለት አስተላላፊዎች አሉት። ሎካላይዘር የሚባለው ግራና ቀኙን ይነግራል፤ አንቴናዎቹ ከመንደርደሪያው ወዲያኛው ጫፍ አልፈው፣ ብዙውን ጊዜ 300 ሜትር ያህል ርቀው፣ አግድም ተደርድረው ይቆማሉ። ግላይድ ስሎፕ የሚባለው ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለቱን ይነግራል፤ አንቴናው ጎማው መሬት ከሚነካበት አካባቢ በስተጎን፣ ከመሃል መስመሩ 120 ሜትር ገደማ ርቆ በምሰሶ ላይ ይሰቀላል። የመጀመሪያው ከ108.10 እስከ 111.95 ሜጋ ኸርዝ፣ ሁለተኛው ከ329.15 እስከ 335 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራሉ። አብራሪው የሎካላይዘሩን ፍሪኩዌንሲ ሲሞላ የግላይድ ስሎፑ ጥንድ አብሮ ይገባል።

ሁለቱም የሚናገሩት በሁለት ድምፅ ነው፤ በ90 እና በ150 ኸርዝ። ወደ መንደርደሪያው ለሚመጣ አውሮፕላን ከመሃል መስመሩ በስተግራ 90ው ይበረታል፣ በስተቀኝ 150ው። ከመውረጃ መስመሩ በላይ 90ው፣ በታች 150ው። አውሮፕላኑ ላይ ያለው መቀበያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የቱ በለጠ? እኩል ከሆኑ መርፌው መሃል ይቆማል። መቀበያው ርቀት አይለካም፣ ከፍታ አያውቅም፣ መሬቱን አያይም። ሁለቱ ድምፆች እኩል የሆኑት አውሮፕላኑ መስመሩ ላይ ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት የሚለይበት መንገድ የለውም። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መሣሪያው «አትመኑኝ» ሲል የሚያወጣው ቀዩ ባንዲራስ? ባንዲራው የሚወጣው ምልክቱ ሲደክም ወይም ድምፆቹ ሲጠፉ ነው። ሁለቱም ድምፆች በበቂ ጉልበት ከተሰሙ ባንዲራው ይሰወራል፤ ትርጉማቸው ውሸት ቢሆንም እንኳ። የግላይድ ስሎፕ ምልክት በሁለት ክፍል ተከፍሎ እንደሚወጣ ካወቅን ደግሞ አደጋው የቱ ጋ እንደተቀመጠ ይታያል። አንደኛው ክፍል ሁለቱን ድምፆች በእኩል መጠን የያዘው ተሸካሚ ሞገድ ነው። ሁለተኛው ሳይድባንድ የሚባለው፣ ተሸካሚ ሞገድ የሌለበት ክፍል ሲሆን፣ ከፍ ሲሉ አንዱን፣ ዝቅ ሲሉ ሌላውን የሚያበረታ እርሱ ነው። ሁለተኛው ቢሞትና የመጀመሪያው ቢቀር ልዩነት የሚባል ነገር አይኖርም። ከመስመሩ 1,000 ጫማ በታች ላለውም፣ በላይ ላለውም፣ ለሁሉም «ልክ ነህ» ይላል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2000 በሌሊት የኤር ኒውዚላንድ ቦይንግ 767 ሳሞአ ወደሚገኘው ፋሌኦሎ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ የገጠመው ይኸው ነው። የግላይድ ስሎፑ አስተላላፊ ሞኒተር፣ ማለትም ምልክቱ ሲበላሽ አስተላላፊውን የሚያጠፋው ጠባቂ፣ ባይፓስ ላይ (እርምጃ እንዳይወስድ ተደርጎ) ተትቶ ነበር። ወደ ማማው የሚሄደው የመቆጣጠሪያ ገመድ ደግሞ በቁፋሮ ሥራ ተጎድቶ ስለነበር ተቆጣጣሪው ችግሩን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። መርፌው መሃል፣ ባንዲራው ተሰውሮ፣ አውቶፓይለቱ የሚያርመው ስህተት ስላላየ የጀመረውን መውረድ ቀጠለ። የደሴቲቱ መብራቶች ያሉበት ቦታ ልክ አለመምጣቱንና የርቀትና የከፍታ ቁጥሮች አለመጣጣማቸውን ያስተዋሉት አብራሪዎች አውሮፕላኑን መልሰው ያነሱት ከመንደርደሪያው ከ5 እስከ 6 ማይል ሲቀራቸው፣ ከምድር 400 ጫማ ገደማ ላይ ነው። በትክክለኛው መስመር ላይ ቢሆኑ ኖሮ እዚያ ርቀት ላይ ከፍታቸው ከ1,600 ጫማ በላይ መሆን ነበረበት።

አብራሪዎች መለያ ኮዱን በሞርስ ሲሰሙ «ጣቢያው ደህና ነው» ብለው ይረጋጋሉ። ነገር ግን መለያው የሚላከው በሎካላይዘሩ ላይ ብቻ ነው፤ ግላይድ ስሎፕ የራሱ መለያ የለውም። ስለዚህ ሎካላይዘሩ ጤነኛ ሆኖ ግላይድ ስሎፑ ቢታመም በጆሮ የሚሰማ ልዩነት አይኖርም። ለዚህ ነው ቴክኒሻን በማስተካከል ላይ እያለ ሞኒተሩ አስተላላፊውን እንዳያጠፋበት ባይፓስ ሲያደርግ የሎካላይዘሩን መለያ ጭምር ማንሳት ያለበት። አንዳንድ አገሮች በመለያው ምትክ በሞርስ የሙከራ ምልክት ይልካሉ፦ ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ፣ ሰረዝ። ይህን የሰማ፣ ወይም መለያ ያልሰማ አብራሪ፣ መርፌው ምንም ያህል ቀጥ ብሎ ቢቆም ለማረፊያ ሊጠቀምበት አይገባም። «ምልክቱ እየወጣ ነው፣ በራሳችሁ ኃላፊነት ተጠቀሙ» የሚል ከማማ የሚሰጥ መልስም እኛ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። ለጥገና የበራ አስተላላፊ ከጠፋ አስተላላፊ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ሞኒተሩ። ሞኒተር አስተላላፊው የሚልከውን ምልክት በአንቴናው ውስጥና በቅርብ ርቀት እየለካ፣ ከተፈቀደው ገደብ ሲወጣ ወደ መጠባበቂያው የሚያዛውር ወይም የሚያጠፋ ዘበኛ ነው። ገደቡ ዜሮ እንዳልሆነ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ መሠረት የምድብ 1 (ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር በባሰ ጭጋግ ማረፍ ይፈቀዳል) ሎካላይዘር መስመር በመንደርደሪያው መነሻ ላይ እስከ 10.5 ሜትር ቢዛነፍ ሞኒተሩ ዝም ሊል ይችላል፤ ለምድብ 3 ገደቡ 6 ሜትር ነው። ገደቡ ካለፈም በኋላ እርምጃ ለመውሰድ ጊዜ ይሰጠዋል፦ በምድብ 1 ለሎካላይዘር እስከ 10 ሴኮንድ፣ ለግላይድ ስሎፕ እስከ 6 ሴኮንድ፤ በምድብ 3 ለሁለቱም 2 ሴኮንድ። በ140 ኖት የሚመጣ አውሮፕላን በሴኮንድ 72 ሜትር ይጓዛል። በ6 ሴኮንድ 430 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ከ70 ጫማ በላይ ይወርዳል ማለት ነው። የምድብ 1 መወሰኛ ከፍታ፣ ማለትም መንደርደሪያው ካልታየ መልሶ መነሳት የሚገባበት ከፍታ፣ 200 ጫማ መሆኑን አስቡት።

ከዚህ የሚብሰው ሞኒተሩ ጨርሶ ሊያየው የማይችለው ነገር ነው። ምልክቱ ከአንቴናው ጤነኛ ሆኖ ይወጣና መንገድ ላይ ይበላሻል። ትልቅ ጅራት ያለው አውሮፕላን፣ የግንባታ ክሬን፣ አዲስ የተሠራ ሃንጋር፣ ሣር የሚያጭድ ተሽከርካሪ ሳይቀር እንደ መስተዋት ሆኖ ምልክቱን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ያንጸባርቃል። አውሮፕላኑ የሚቀበለው የቀጥታውንና የተንጸባረቀውን ድምር ነው፤ መርፌውም ይዋልላል። በአንቴናዎቹ ዙሪያ ማንም እንዳይገባበት የሚጠበቅ ክልል የተከለለው ለዚህ ነው። ብዙዎች የሚስቱት ታዲያ ይህን ነው፦ ያ ክልል ሙሉ በሙሉ የሚጠበቀው ዕይታ ሲቀንስና ማማው የዝቅተኛ ዕይታ ሥርዓት ሲያውጅ ነው። ሰማዩ ሲጠራ የትራፊኩን ፍሰት ላለመግታት ጥበቃው ይላላል። በጠራ ቀን ከጭጋጉ ቀን ይልቅ ምልክቱ ያልተጠበቀ ነው።

ለዚህ ከሙኒክ የተሻለ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2011 የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 በአውቶፓይለት ለማረፍ ወደ መንደርደሪያ 08 ቀኝ ወረደ። የዝቅተኛ ዕይታ ሥርዓት አልታወጀም ነበር፤ አብራሪዎቹም በአውቶፓይለት እንደሚያርፉ ለማማው አልነገሩም። ከፊታቸው የተነሳ አንድ አነስተኛ ጄት በሎካላይዘሩ አንቴና ላይ ሲያልፍ ምልክቱን አዛባው። አውቶፓይለቱ የታዘዘውን ከማድረግ ሌላ አያውቅም፤ የታጠፈውን ምልክት ተከትሎ መሬት ሊነካ ሲል ወደ ግራ አዘነበለ። አውሮፕላኑ በግራ በኩል ወደ ሣሩ ወጣ፣ ከዚያ መንደርደሪያውን አቋርጦ በቀኝ በኩል ሣር ላይ ቆመ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ጥፋተኛ የሚባል የተሰበረ ዕቃ ግን የለም፤ አስተላላፊውም መቀበያውም በሥርዓቱ ነበር የሚሠሩት።

ስለዚህ በጠራ ቀን በአውቶፓይለት ማረፍን መለማመድ የሚፈልግ አብራሪ አስቀድሞ ለማማው ይንገር። ማማውም ክልሉን መጠበቅ ካልቻለ «ሎካላይዘሩ አልተጠበቀም» ብሎ በግልጽ ይመልስ። የመጨረሻዎቹ 200 ጫማዎች ላይ የሁለተኛው አብራሪ ዓይን ከመርፌው ይልቅ የመንደርደሪያውን መሃል መስመር ይከተል፤ አንደኛው እጁን ከመሪው አያንሳ።

ስለ ግላይድ ስሎፕ ሳንጨርስ አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የሐሰት መስመር። የግላይድ ስሎፕ አንቴና ብቻውን አይሠራም፤ ፊት ለፊቱ ያለው መሬት የአንቴናው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በተለመደው ዓይነት የላይኛው አንቴና 8.7 ሜትር ገደማ፣ የታችኛው የዚያ ግማሽ ከፍታ ላይ ይሰቀላሉ። በቀጥታ የሚሄደውና ከመሬት ነጥሮ የሚሄደው ሞገድ እየተደመሩ 3 ዲግሪ ላይ የመውረጃውን መስመር ይሠራሉ። ያው ድምር ግን ከፍ ብሎ 9 ዲግሪ ላይ ሌላ እኩልነት ይፈጥራል፤ እዚያም መርፌው መሃል ይገባል። ክፋቱ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ከዚያ በላይ ያለ አውሮፕላን መውረድ ሲገባው «ውጣ» የሚል ምልክት ያገኛል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 2013 ኔዘርላንድስ አይንድሆቨን ላይ አንድ ቦይንግ 737-800 ከመስመሩ በጣም ከፍ ብሎ ሲመጣ አውቶፓይለቱ ይህን የሐሰት ምልክት ያዘና አፍንጫውን ሽቅብ ቀሰረው። ፍጥነቱ ወዲያው ወደቀ፣ መሪው በማስጠንቀቂያ ተንቀጠቀጠ፤ አብራሪዎቹ ማረፉን ትተው ተነሱ። የአገሪቱ የደህንነት ቦርድ ስለዚህ ዓይነት ክስተት ለመላው ዓለም አስጠንቅቋል።

መከላከያው ቀላል ነው፦ መስመሩን ከታች ያዙት። ተቆጣጣሪ አውሮፕላኑን ከፍ አድርጎ አቆይቶ በአጭር ርቀት ወደ ሎካላይዘሩ ሲያስገባው አብራሪው ከላይ ወደ ታች እንዲያሳድድ ያስገድደዋል፤ እዚህ ላይ የማማው ድርሻ ከኮክፒቱ አያንስም። ከመንደርደሪያው 5 ማይል ላይ 3 ዲግሪ ማለት 1,600 ጫማ ገደማ ነው፤ 9 ዲግሪ ማለት 4,800። ይህን የሚያህል ልዩነት ለማየት ስሌት እንኳ አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ዞር ብሎ ማየት ይበቃል።

ከአንቴናው ፊት የረገፈ በረዶ፣ የተኛ ጎርፍ፣ ያደገ ሣር፣ የተቆለለ የቁፋሮ አፈር ሁሉም የመውረጃውን ማዕዘን ሊነኩ ይችላሉ። በረዶ ሲከመር የአንቴናው ከፍታ ከሚያንጸባርቀው ወለል አንጻር ስለሚያጥር ማዕዘኑ ይሰፋል። የኤፍኤም ሬድዮ ጣቢያዎችም እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ስለሚደርሱ የሎካላይዘር ጎረቤቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መቀበያዎች ይህን እንዲቋቋሙ ዓለም አቀፍ ግዴታ የተጣለው በከንቱ አልነበረም።

«አይሠራም» ተብሎ በኖታም (ለአብራሪዎች በሚወጣ ማስታወቂያ) የተነገረ ግላይድ ስሎፕስ? እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1997 ጉዋም ላይ የተከሰከሰው የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 ከያዛቸው 254 ሰዎች 228ቱ አልቀዋል። የግላይድ ስሎፑ አገልግሎት መቋረጡ አስቀድሞ የተነገረ ነበር። ሆኖም በኮክፒቱ የድምፅ መቅጃ ላይ ይሠራል አይሠራም የሚል ንግግር ይሰማል። ሌላም ነበር፦ ርቀት የሚቆጥረው ዲኤምኢ የተተከለው መንደርደሪያው ላይ ሳይሆን 3.3 ማይል ቀደም ብሎ ኒሚትዝ ኮረብታ ላይ ነው፤ ዜሮ የሚያሳየው እዚያ ነው። አውሮፕላኑ የወደቀውም እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። የጠፋ ጣቢያ መርፌ አልፎ አልፎ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚንሳፈፍ ማንኛውም ነገር ሊያነቃው ይችላልና። ኖታሙ «የለም» ካለ የለም፤ መርፌው ቢነቃም መሸፈን እንጂ መመርመር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ስሌት በጣት የሚቆጠር ነው። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ለእያንዳንዱ ኖቲካል ማይል 318 ጫማ ይያዛል፤ በመንደርደሪያው መነሻ ላይ ለሚታለፍበት ከፍታ 50 ይጨመራል። 6 ማይል ላይ 1,960፣ 5 ላይ 1,640፣ 4 ላይ 1,325፣ 3 ላይ 1,005፣ 2 ላይ 690 ጫማ፤ በዚህ ላይ የመንደርደሪያውን ከፍታ ከባሕር ወለል ይደምሩ። ሙቀትና የዲኤምኢው አቀማመጥ ጥቂት ያዛንፉታል፤ የማረፊያ ካርታው ላይ የታተመው ቁጥር ካለ እርሱ ይቀድማል። የመውረጃ ፍጥነትም ይመሰክራል፦ የመሬት ፍጥነት በ5 ሲባዛ የሚጠበቀውን ግምት ይሰጣል። በ140 ኖት 700 ጫማ በደቂቃ መሆን ሲገባው መርፌው መሃል እያለ 1,200 ካሳየ፣ መርፌው ወይም ነፋሱ አንዱ ይዋሻል፤ ሳይጣራ አይቀጠልም። ማጣሪያው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም። መስመሩ ሲያዝ፣ ከዚያም እስከ 1,000 ጫማ ድረስ በየማይሉ፣ አንዱ አብራሪ ርቀቱን ሌላው ከፍታውን ጮክ ብለው ይናገሩ። ካልተጣጣሙ ክርክር የለም፤ መነሳት ነው፤ የሚከራከሩት ከላይ ሆነው ነው።

«ለምን ይህን አሮጌ ነገር ጥለን ወደ ሳተላይት አንሄድም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የሳተላይት ምልክት ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል እየታፈነና እየተጭበረበረ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚቀረው አይኤልኤስ ነው። በባሮሜትር ከፍታ ላይ የተመሠረተውም አቀራረብ የራሱ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2022 ፓሪስ ሻርል ደጎል ላይ ተቆጣጣሪዋ በአልቲሜትሩ (በከፍታ መለኪያው) ላይ የሚሞላውን የአየር ግፊት 1001 ሄክቶፓስካል ማለት ሲገባት 1011 አለች፤ ልዩነቱ 280 ጫማ ነው። ኤርባስ ኤ320ው መንደርደሪያው ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ላይ ደረሰ። አይኤልኤስ ቢያንስ በአልቲሜትር አሞላል አይታለልም። ስለዚህ መጣል ሳይሆን በቅጡ መያዝ ነው የሚበጀው።

መያዝ ሲባል በየስድስት ወሩ የሚደረገውን የፍተሻ በረራ ማለታችን ብቻ አይደለም። እርሱ የሚያሳየው የዚያን ቀን ሁኔታ ነው፤ በማግስቱ ክሬን ሊቆም ይችላል። ባይፓስ የተደረገ ሞኒተር ወደ ቦታው መመለሱን ከሠራው ቴክኒሻን ሌላ ሁለተኛ ሰው አይቶ ይፈርም። ማማው ውስጥ ያለው አመልካች መብራት ምልክት ካቋረጠ «መብራቱ ነው የተበላሸው» ተብሎ አይታለፍ፤ እስኪጣራ ድረስ ጣቢያው እንዳልሠራ ይቆጠር። አብራሪ «መርፌው ዋለለ» ብሎ ሲያመለክትም «ከኋላው የመጣው ምንም አላየም» ብሎ መዝጋት የተለመደ ነው፤ የኋለኛው ሲያልፍ የሚያንጸባርቀው ነገር ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ጥቆማው የሚጠቅመን ሰዓቱ በደቂቃ፣ ርቀቱ፣ ከፍታው፣ አውቶፓይለቱ በርቶ እንደሆነ፣ ባንዲራ ታይቶ እንደሆነ፣ ከፊት የነበረው ወይም እየተነሳ ያለው አውሮፕላን ዓይነት ሲጻፍበት ነው። «ሎካላይዘሩ ትክክል አይደለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲደርሰን ሄደን የምንለካው የቆመ አውሮፕላን የሌለበትን ባዶ ሜዳ ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

ጋዜጠኞቻችሁም ስለ እንዲህ ያለ ክስተት ሲጽፉ መጀመሪያ «አየሩ ምን ይመስል ነበር?» ብለው እንደሚጠይቁ እናያለን። የዝቅተኛ ዕይታ ሥርዓት ታውጆ ነበር ወይ፣ ግላይድ ስሎፑ በኖታም ተነግሮበት ነበር ወይ፣ በዚያ ሰዓት አንቴናው አጠገብ ምን ቆሞ ነበር የሚለውንም አብረው ቢጠይቁ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአየር ናቪጌሽን መሣሪያዎች ጥገናና ፍተሻ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎቻችሁ